ሳይሟሟቁ አይገቡም

ጨንቻና አርባ ምንጭ የሚራራቁት በ37 ኪሎ ሜትር ነው። የደጋ ልጅ ግን መንገዱን የሚለካው በልብሱ ነበር። ጨንቻ ላይ መኪና ስንሳፈር ቡልኮ እስከ ጆሯችን ተከናንበን ነው። ዶርዜን ስናልፍ ቡልኮው ከራስ ወደ ትከሻ ይወርዳል። መንገዱ እየተጠማዘዘ ቁልቁል ሲያመራ፣ አባያ ቀላ ብሎ፣ ጫሞ ሰማያዊ ሆኖ፣ በመካከላቸው የእግዜር ድልድይ ተጋድሞ ሲታይ ደግሞ ሹራብ ይወልቃል። አርባ ምንጭ ደርሰን ሲቀላ መናኸሪያ የምንወርደው ቡልኳችንን አጣጥፈን ክንዳችን ላይ አንጠልጥለን ነው። የከተማው ልጆች ከሩቅ የሚለዩን በዚያው ነበር። «ደገኛ መጣ!» ይላሉ።

ጨንቻ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2700 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ትገኛለች፤ አርባ ምንጭ 1285 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አየር ሽቅብ በተወጣ ቁጥር በየ1000 ሜትሩ በአማካይ ስድስት ዲግሪ ተኩል ያህል ስለሚቀዘቅዝ፣ በሁለቱ ከተሞች መካከል የዘጠኝ ዲግሪ ገደማ ልዩነት አለ ማለት ነው። ከጨንቻ ባሻገር ደግሞ የጉጌ ተራራ ከ4000 ሜትር በላይ ቆሞ ብርዱን ይልካል። የጋሞ ጎፋ ዋና ከተማ በ1950ዎቹ ከጨንቻ ወደ አርባ ምንጭ ሲዛወር ሹመቱም ቢሮውም ቆላ ወረደ። ኋላ በ1979 የውኃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ተከፈተ፤ በ1996 ዩኒቨርሲቲ ሆነ፤ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካም መጣ። ወባን እየፈራ ወደ ሐይቆቹ ዳር ለጉዳይ ብቻ ደርሶ ይመለስ የነበረው ደገኛ ልጆቹን ለትምህርት መስደድ የጀመረው በዚህ ምክንያት ነው። እኔም በ1998 ዘጠነኛ ክፍል ልገባ ወረድሁ። አጎቴ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ይሠራ ስለነበር ያረፍሁት ሲቀላ፣ እሱ ቤት ነው።

ስለዚያ ዓመት ሳስብ ከሁሉ ቀድሞ የሚመጣብኝ ዝምታዬ ነው። አፌን የፈታሁት በጋሞኛ ነው፤ አማርኛዬ የገበያ አማርኛ ነበር፤ እንግሊዝኛው ደግሞ ከደብተር ወጥቶ ከአፌ ደርሶ አያውቅም። የከተማው ልጆች ሲናገሩ ፍጥነታቸው ያስፈራኝ ነበር። ከክፍል ሲወጡ ተከትዬ እወጣለሁ፣ ሲስቁ ዘግይቼ እስቃለሁ፣ ሲጠይቁኝ በአንድ ቃል እመልሳለሁ። ደገኛ ኩሩ ነው የሚሉም ነበሩ። ኩራት አልነበረም፤ የመጣሁበት ቤት ሰው እንዲናገር የሚጠበቅበት ሰዓት ሌላ ስለሆነ ነው።

ያደግሁት አያቴ ዘንድ ነው። ቤቷ ከቀርከሃ ተጠልፎ በእንሰት ቅጠል የተከደነ፣ ፊቱ የዝሆን ግንባር የሚመስል የዶርዜ ቤት ነበር። እንዲህ ያለ ቤት ምስጥ ከሥሩ ሲበላው ቁመቱ ከዓመት ዓመት ያጥራል፤ ሲያስፈልግም ጎረቤት ተጠራርቶ ቤቱን ባለበት ተሸክሞ ሌላ ሥፍራ ያኖረዋል። ውስጡ መስኮት የለውም። እሳቱ መሃል ላይ ይነዳል፣ ጢሱ በቀርከሃው መካከል ሰርጎ ይወጣል፣ ያ ጢስ ደግሞ ቀርከሃውን ከነቀዝ ይጠብቀዋል። በአንድ በኩል ከብቶቹ ታስረው ያድራሉ። ሐምሌ ላይ ጉሙ ደጃፍ ድረስ መጥቶ ሲተኛ ከእሳቱ እኩል የሚያሞቁን የላሞቹ ትንፋሽና ገላ ነበሩ። ዛሬም ቢሆን የላም ትንፋሽ ከቀርከሃ ጢስ ጋር ሲሸተኝ እንቅልፍ ይዞኝ ይሄዳል።

በዚያ ቤት እንግዳ ሲመጣ «ምን እግር ጣለህ?» አይባልም። መጀመሪያ ከእሳቱ አጠገብ ያለው ቦታ ይለቀቅለታል። ቆጮው ምጣድ ላይ ይገላበጥለታል፣ ዳጣ ይቀርብለታል፣ ማር ካለ ማር ይወጣለታል። አንድ ቀን ከሩቅ መንደር በዝናብ የመጣ ሰው ገና ከመቀመጡ እኔ ለምን እንደመጣ ጠየቅሁት። አያቴ ክንዴን ያዝ አደረገችና «ተው ልጄ፣ የሰውየው እጅ ገና አልሞቀም» አለችኝ። ሰውየው የመጣው የሞት መርዶ ይዞ ነበር። ተቀምጦ፣ በልቶ፣ እጁን በእሳቱ ላይ ዘርግቶ ቆይቶ፣ ከዚያ ነገረን። መርዶው ያው መርዶ ነው፤ ነገር ግን ተናጋሪውም ሰሚውም ሊሸከሙት ከሚችሉበት ደረጃ ላይ ደርሰው ነበር።

አባቴ ሸማኔ ስለነበር ማለዳው ላይ የማየው ሥራም ከዚሁ ጋር ይሄዳል። ጉድጓዱ ውስጥ እግሩን ከትቶ ከመቀመጡ በፊት ጣቶቹን በፍም ላይ ያሻሻል። ጣቱ በብርድ የደነዘዘ ሸማኔ መወርወሪያውን ሲወረውር ክር ይበጥሳል፤ የተበጠሰ ክር ለመቀጠል የሚፈጀው ጊዜ እጅ ለማሞቅ ከሚፈጀው ይበልጣል። ሽሮ ሜዳ ተሰድደው በአዲስ አበባ ብርድ ሲሸምኑ የኖሩት ዘመዶቻችንም ይህን ልማድ ይዘውት ነው የሄዱት።

አርባ ምንጭ ላይ ይህን ሁሉ በሌላ ቋንቋ መልሶ ያስተማረኝ የእንግሊዝኛ መምህራችን ነው። ስሙን ባልጠራው ይሻላል፤ ሰው ሲያመሰግነው የሚሸማቀቅ ሰው ነው። እሱ ራሱ የትምህርት ቤቱን የእግር ኳስ ቡድን ያሠለጥን ነበር። ያኔ የአርባ ምንጭ ልጅ ሁሉ የጨርቃ ጨርቁን ቡድን እያየ ያደገ ስለሆነ፣ ቡድን ውስጥ መግባት ማለት በሰፈር ስም ማግኘት ማለት ነበር። እኔ የገባሁት በእግሬ ፍጥነት ነው፤ ከጨንቻ ዳገት የወረደ ልጅ ቆላ ላይ ሲሮጥ ሳንባው ይተርፈዋል።

ልምምድ ከንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። መምህራችን ኳሷን በመረብ ከረጢት ይዞ ይመጣል፣ ግን አያወጣትም። «ዋርም አፕ!» ይላል። በአገራችን ሜዳዎች ሁሉ ይህ ቃል አለ፤ እንግሊዝኛ ያልተማረ የሰፈር አሠልጣኝም ይለዋል። ቀስ ብሎ ሩጫ፣ ጉልበት ወደ ደረት፣ ወደ ጎን እየተሻገሩ መሮጥ፣ ወገብ ማዞር። እኛ ኳሷን እያየን እንቁነጠነጣለን። አንድ ቀን ከደጋ የመጣ ጓደኛዬ ደፍሮ ጠየቀ፦

«ቲቸር፣ እዚህ አገር ሰው ተኝቶም ያልበዋል። ደግሞ ማሟሟቅ ለምን?»

መምህራችን አልተቆጣም። «የሞቀው አየሩ ነው። ጡንቻህ ገና አልጋ ላይ ነው» አለው።

ትክክል ነበር። ጡንቻ ሲሞቅ ቶሎ ይኮማተራል፣ ቶሎ ይለቀቃል፤ የነርቭ መልእክት ይፈጥናል፤ ልብም በድንገት ሳይሆን ደረጃ በደረጃ ለሥራው ይነሣል። እሱ ይህን ሲነግረን፣ ከዓለም ሌላኛው ጫፍ ፊፋ «11 ፕላስ» የተባለውን የማሟሟቂያ መርሐ ግብር እያዘጋጀ ነበር፤ 20 ደቂቃ ገደማ የሚፈጅ፣ ሩጫን፣ የጉልበትና የሚዛን እንቅስቃሴን ያጣመረ ሥርዓት ነው። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ2008 የወጣ የኖርዌይ ጥናት ዕድሜያቸው ከ13 እስከ 17 የሆነ ወደ 1900 የሚጠጉ ሴት ተጫዋቾችን ተከታትሎ፣ በዚህ ሥርዓት የሚያሟሙቁት ላይ ጉዳት በሲሶ ገደማ ቀንሶ አግኝቷል። የእኛ መምህር ጥናቱን አላነበበም፤ ያነበበው የልጆቹን ጉልበት ነው። ሁለት ጎበዝ ልጆች ጉልበታቸው ተበላሽቶ ከኳስ ሲርቁ አይቷል።

ሌላም ነገር ነበረው፤ ብዙ አሠልጣኝ የሚዘልለው። ጨዋታው ካለቀ በኋላ ሜዳውን በዝግታ ሁለት ጊዜ ያዞረናል። «የሞቀ ሰው እንዲህ በአንዴ ወደ ቤቱ አይሄድም፤ ያቀዘቅዛል» ይላል። በዚህ ላይ ቀልድ አያውቅም። ቸኩሎ የሄደ ልጅ በማግስቱ ተቀያሪ ወንበር ላይ ነው የሚውለው።

ክፍል ውስጥ ደግሞ የፕላዝማ ዘመን ነበር። በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ትምህርቱ በቴሌቪዥን መሰጠት ከጀመረ ገና አንድ ዓመት ገደማ ሆኖታል። ከስክሪኑ ውስጥ ያለችው መምህርት በፈጣን እንግሊዝኛ ታስረዳለች፣ ጥያቄ ትጠይቃለች፣ ጥቂት ሰኮንዶች ትሰጣለች፣ መልሱን ራሷ ትናገርና «ቬሪ ጉድ» ብላ ታልፋለች። ማን እንደመለሰ፣ ማን እንዳልገባው አታውቅም። ሰዓቷን ጨርሳ ስትሰናበት እኛ ገና የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር እየጻፍን ነው። በዚያ ሥርዓት ላይ እስካሁን ቅሬታ አለኝ። ያዘጋጁት ሰዎች ሐሳባቸው ደግ እንደነበር አምናለሁ፤ ጨንቻ ያለ ልጅም አዲስ አበባ ያለ ልጅም እኩል እንዲማር ነው። ነገር ግን ልጁ እስኪሞቅ የሚጠብቅ ሰው ከትምህርቱ ውስጥ ተነሥቶ ነበር።

መብራት የሄደ ዕለት ግን ክፍሉ የመምህራችን ይሆናል። እንደዚያ ባለ አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ቆርቆሮው ከላይ እየነደደ፣ ጠመኔ አነሣና ሰሌዳው ላይ «ዋርም አፕ» ብሎ ጻፈ። የቡድኑ ልጆች ጮኽን፤ የምናውቀው ቃል ነው! እሱም «የምታውቁት አንዱን ነው። ይህች ቃል ብዙ ቤት አላት፤ እየዞርን እናንኳኳለን» አለ።

የመጀመሪያው ቤት ሜዳው ነበር፤ እሱን አለፈው። ሁለተኛው መናኸሪያው ነው። አባቱ ሙዝ ወደ አዲስ አበባ የሚያመላልስ ልጅ ነበረ፤ ጨንቻ ያደረ አይሱዙ ጠዋት እንዴት እንደሚነሣ እንዲነግረን አደረገ። ልጁ በአማርኛ አስረዳ፦ ሾፌሩ ሞተሩን አስነሥቶ ወዲያው አይነዳም፤ ዘይቱ ቀጥኖ እስኪዞር ይጠብቃል፤ ያ ባይሆን ሞተር ይበላል። መምህራችን ያንን ወደ እንግሊዝኛ መልሶ፣ እኛንም አስደግሞ፣ ሰሌዳው ላይ አሰፈረው። ሦስተኛው ወጥ ቤት ነው። «የትናንት ቆጮ ዛሬ እንዴት ይበላል?» አለና ወደ ደጋ ልጆች ዞረ። ሰዋስዉን የነገረን እዚህ ላይ ነው። ምግቡን በስሙ ከጠራኸው «ዋርም አፕ ዘ ፉድ» ማለትም፣ «ዋርም ዘ ፉድ አፕ» ማለትም ትችላለህ፤ «ኢት» ካልክ ግን ከሁለቱ መካከል ነው የምትገባው፣ «ዋርም ኢት አፕ»፤ ከኋላ አትቆምም። የፕላዝማዋ መምህርት ይህን ሕግ ነግራን እንደሆነ አላስታውስም። ከቆጮው ጋር የተማርሁት ግን እስከ ዛሬ አልጠፋኝም።

አራተኛው ሰማይ ነው። ቀዝቃዛ ማለዳ ቀስ በቀስ ሲሞቅም «ዋርም አፕ» ይባላል። «ጨንቻ በአራት ሰዓት ይሞቃል» ብሎ ምሳሌ ሲጽፍ የደጋ ልጆች አንድ ላይ ተነሣን። አይሞቅም! ጉሙ እስከ ስድስት ሰዓት የማይነሣበት ቀን አለ! እሱ በፈገግታ ጠመኔውን ሰጠንና «እንግዲያው በእንግሊዝኛ አሸንፉኝ» አለ። ክፍሉ ተነሣ። አንዷ ልጅ ብርዱ ጥቅም እንዳለው ተናገረች፤ ሚስዮናውያን ያመጡት የጨንቻ አፕል ብርድ ካልጠገበ አያብብም አለች፣ በተሰባበረ እንግሊዝኛ፣ ግን እስከ መጨረሻው። አንድም ሰው አላረማትም። መምህራችን ስሕተቶቿን በልቡ ይዞ ቆይቶ፣ በሌላ ቀን ያለ ስሟ አነሣቸው።

ያ የሰማይ ምሳሌ አሁን ሌላ ክብደት አለው። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ2014 የወጣ አንድ ጥናት፣ በደብረ ዘይት አካባቢና በኮሎምቢያ ደጋማ ሥፍራዎች የወባ በሽታን መዝገብ ከሙቀት ጋር አስተያይቶ፣ ሞቃት በሆኑ ዓመታት ወባ ወደ ከፍታው እንደሚወጣ አሳይቷል። አያቶቻችን ወባን የሸሹት ሽቅብ በመኖር ነው። ደጋው ከሞቀ አፕሉም ብርዱን ያጣል፣ ሰውየውም መሸሻውን ያጣል። ለጋሞ ደጋ ሰው ይህ የሩቅ አገር ዜና አይደለም።

ወደ ክፍሉ ልመለስ። አምስተኛው ቤት ትንሽ የተደበቀ ነበር። ዋናው ሰው ከመምጣቱ በፊት ታዳሚን የሚያነቃቃ ሰው፤ በእኛ አገር አሟሟቂ የምንለው። ለዚህ የሠርጉን ምሳሌ ወሰደ። ሙሽራው ሳይመጣ ዳሱ ውስጥ ጭብጨባውን የሚያስጀምረው ሰው፣ ከበሮውን ቆዳው እንዲወጠር በእሳት ዳር የሚያቆመው ሰው። ቆዳው የረገበ ከበሮ ድምፁ እንደሚሞት ሁላችንም እናውቃለን፤ በመስቀል በዓላችን፣ በዮ ማስቃላ ሰሞን፣ ከበሮ እሳት ዳር እንዲያሞቅ ያልታዘዘ የደጋ ልጅ የለም።

የመጨረሻው ቤት ላይ ሲደርስ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ቱ» የምትባል ትንሽ ቃል ጨመረበት። ሰው ለሰው፣ ሰው ለአገር፣ ሰው ለሐሳብ ቀስ ብሎ ልቡን ሲከፍት እንዲህ ይባላል አለን። በአንድ ቀን የሚሆን አይደለም፤ መጀመሪያ ላይ ብርድ እንደነበረ ቃሉ ራሱ ያምናል። ከዚያ ወረቀት አውጥተን አንድ አንድ ዓረፍተ ነገር እንድንጽፍ አዘዘ።

አብሮኝ የሚቀመጠው ልጅ ከጫሞ ዳር ነው፤ አባቱ ዓሣ አጥማጅ ነበር። እስከዚያ ቀን ድረስ ከእሱ ጋር ያወራሁት እርሳስና ማጥፊያ ስንዋዋስ ብቻ ነው። ተነሥቶ ያነበበው ይህን ነበር፦ «ዘ ቦይ ፍሮም ጨንቻ ኢዝ ዋርሚንግ አፕ ቱ አስ።» የጨንቻው ልጅ ቀስ በቀስ ልቡን እየከፈተልን ነው ማለቱ ነው። ክፍሉ በሙሉ ወደ እኔ ዞሮ ሳቀ። በዚያ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ሳልዘገይ አብሬ ሳቅሁ። መምህራችን «እውነት ነው ወይ?» ብሎ በእንግሊዝኛ ጠየቀኝ። ተነሣሁ። «ስሎውሊ፣ ቲቸር» አልሁ፤ ቀስ በቀስ ማለቴ ነው። በሰው ፊት የተናገርሁት የመጀመሪያው እንግሊዝኛ ያ ነው፤ ያችን አንዲት ቃል ማንም ሳያስጠናኝ ነው ያገኘኋት።

በዚያው ቅዳሜ ልጁ ቤታቸው ወሰደኝ። እናቱ በሽፈራው ቅጠል የተሠራ ኩርኩፋ ሰጠችኝ። ሽፈራውን ጋሞ ሃላኮ ይለዋል፤ እኛ ደጋ ላይ የሚበቅል ዛፍ ስላልሆነ ከእጇ ስቀበል ለአፌ አዲስ ነበር። መራራ መሰለኝ፣ ቆይቶ ጣፈጠኝ። ስለ ቤተሰቤ አልጠየቀችኝም፣ ለምን እንደመጣሁም አልጠየቀችኝም። በልቼ ስጨርስ ነው «የማን ልጅ ነህ?» ያለችኝ። ቆላም ደጋም ያለው ጋሞ በዚህ አንድ መሆኑን ያኔ አወቅሁ።

ከዚያ በኋላ የጋሞን ሽማግሌዎች ዱቡሻ ላይ ሳይ ሌላ ነገር አስተዋልሁ። ዱቡሻ ጉዳይ የሚታይበት፣ እርቅ የሚወርድበት አደባባይ ነው። ስብሰባው በክስ አይከፈትም፤ በምርቃት ይከፈታል። ለምድሩ፣ ለከብቱ፣ ለእህሉ፣ ለልጆቹ ይመረቃል፤ ሰው ተራውን ይዞ ይነሣል፣ ሌላው ያዳምጣል። ችኩል ሰው ያን ምርቃት ትርፍ ነገር አድርጎ ሊያየው ይችላል። እኔ ግን በዚያ ጊዜ ውስጥ ሁለት የተኳረፉ ሰዎች አንድ «አሜን» ሲሉ አይቻለሁ። ወደ ጠቡ የሚገቡት ቀድመው በአንድ ነገር ተስማምተው ነው።

ሽማግሌዎቹ መቀዝቀዝንም ያውቁበታል። መስከረም 2011 ከአዲስ አበባ አጠገብ ባለችው ቡራዩ ላይ ብዙ ሰው ተገድሎ ሺዎች ሲፈናቀሉ፣ ከተጎዱት ብዙዎቹ ጋሞዎች ነበሩ፤ ሽመና ይዘው ከቀያቸው የወጡ ሰዎች። ወሬው አርባ ምንጭ ሲደርስ ወጣቱ በቁጣ ወደ አደባባይ ወጣ። እኔ አዲስ አበባ ሆኜ ለዘመዶቼ ስልክ እየደወልሁ ነበር፤ የማይነሣ ስልክ ልብን ምን እንደሚያደርግ በዚያ ሰሞን አውቄአለሁ። በዚያው ቀን የአርባ ምንጭ ምስል መጣ። የጋሞ አባቶች ርጥብ ሣር በእጃቸው ይዘው በተቆጣው ወጣት ፊት በጉልበታቸው ተንበርክከዋል። ሣር የያዘ አባት ተንበርክኮ ሲለምን እሱን ረግጦ ማለፍ በጋሞ ዘንድ ጎሜ ነው፤ ነውር ብቻ ሳይሆን ዘር ላይ የሚተርፍ በደል። ወጣቶቹ ቆሙ። ከዚያም ተመለሱ።

ያን ምስል ብዙ ሰው እንደ ተአምር ተናግሮለታል። እኔ ተአምር አልለውም፤ እንዲያ ማለት ሥራቸውን ያሳንሳል። እነዚያ አባቶች ያን ቀን የተንበረከኩት ለዘመናት በየዱቡሻው ያካበቱት መደማመጥ ስላለ ነው። በቀዝቃዛ ቀን ያልተሰማ ሽማግሌ በሞቀ ቀን አይሰማም። የወጣቶቹም ድርሻ ትንሽ አይደለም፤ ወገናቸው ተገድሎ፣ እንባቸው ሳይደርቅ፣ ቁጣቸውን በእጃቸው ይዘው ወደ ቤት መመለስ ከባድ ሥራ ነው። አንዳንዶቹ እኔ የሮጥሁበት ሜዳ ላይ የሮጡ ልጆች እንደሚሆኑ አስባለሁ።

ወደ ትምህርቱ ስመለስ፣ ዛሬ በየትምህርት ቤቱ የእንግሊዝኛ ውጤት ወረደ ሲባል እሰማለሁ፤ መጽሐፍ ይለወጣል፣ ሥርዓተ ትምህርት ይለወጣል፣ ክፍለ ጊዜ ይጨመራል። ልጁ ግን ከአፍ መፍቻ ቋንቋው ወጥቶ ወደ ሌላ ቋንቋ ሲገባ ከብርድ እንደመጣ እንግዳ ነው፤ አጠገቡ ያለው እሳት ደግሞ ቆጮው፣ አይሱዙው፣ ጉሙ፣ ከበሮው ናቸው። ከጨንቻ ልጅ ፊት የለንደንን የአየር ሁኔታ ማስቀመጥ ለምን ያስፈልጋል? መጀመሪያ የሚያውቀውን ይናገርበት። ለንደን አታመልጠውም።

ባለፈው መስቀል የያኔው ክፍል ልጆች ሐይቁ ዳር ዓሣ ልንበላ ተቀጣጠርን። የሙዙ ነጋዴ ልጅ አሁን ራሱ ሁለት መኪና አለው። የአፕሏ ልጅ ጤና ጣቢያ ትሠራለች። የጫሞው ጓደኛዬ ጥብስ እየመረጠ «ስሎውሊ፣ ቲቸር!» እያለ ይጠራኛል፤ ይህ ስም ከእኔ ጋር እንደሚቀበር ተቀብያለሁ። ጨንቻ በስንት ሰዓት ይሞቃል የሚለው ክርክር እንደገና ተነሣ፤ አሁንም ቆላና ደጋ ለሁለት ተከፈልን። መምህራችን ጡረታ ወጥቷል፤ ግን በሲቀላ አንድ ሜዳ ላይ የሰፈር ሕፃናትን ያሠለጥናል። ጋብዘነው ነበርና ሲዘገይ ደወልንለት። ከስልኩ ወዲያ የልጆች ጫጫታ ይሰማል። «ጀምሩ እናንተ» አለን፤ «ጨዋታው አልቋል፣ ግን ልጆቹ ገና አልቀዘቀዙም። ሁለት ዙር ቀርቷቸዋል።»